የፈረንጅ ዶሮዎቼ ለምን አይታቀፉም?

ጥያቄ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው የምኖረው። በግቢዬ ጥግ 6 ቦቫንስ ዶሮዎች አሉኝ። እንቁላል በመጣል የሚያህላቸው የለም፤ ግን ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ አንዷም አልታቀፈችም። ጭድ አነጠፍኩ፣ እንቁላሉን ሳላነሳ ተውኩላቸው፤ ረግጠውት ይሄዳሉ። ከሾላ ያመጣኋት ቀይ የሀበሻ ዶሮ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ልትታቀፍ ነው። መኖው ነው ወይስ ታመውብኝ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ዶሮዎችዎ ደህና ናቸው፤ መኖውንም አይቀይሩ። መታቀፍ ከዘራቸው ወጥቶ ነው።

ቀይዋን ልብ ብለው ይዩዋት። መታቀፍ ሲያምራት መጣሏን ታቆማለች፣ ከጎጆዋ አልነሳም ትላለች፣ እጅዎን ሲሰዱ ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች። ሆዷን ቢዳብሷት ላባው ሳስቶ ቆዳዋ ይሞቃል። በቀን አንዴ ወጣ ብላ ትቀማምሳለች፣ ያጠራቀመችውን ኩስ ባንዴ ጥላ ትመለሳለች። ማንም አላስተማራትም። ከአንጎሏ ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ትለቅባታለች፤ የአራስ ጡት ወተት እንዲያዘጋጅ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ጨለም ያለ ጎጆና ሆዷን የሚነካ እንቁላል ደግሞ ይበልጥ ያነሳሱታል። ስለዚህ በጭዱ አልተሳሳቱም፤ ቦቫንሶቹ ናቸው ለጭዱ መልስ የማይሰጡት።

ዶሮ ዘሯ የሚመዘዘው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የዱር ዶሮ ነው። ዱር ውስጥ ያልታቀፈች ዶሮ ልጅ አይኖራትም፣ ጠባይዋም ከእሷው ጋር ይቀራል። ሰው በማሽን መፈልፈል ሲጀምር አለመታቀፍ ዘር ማስቀረቱ ቀረ። አርቢዎችም የምትታቀፈውን እየተዉ ብዙ የምትጥለውን ለዘር ያዙ፤ የታቀፈች ዶሮ 21 ቀን አትጥልማ፣ ጫጩት ስታሳድግም ሳምንታት ይሄዳሉ። ዛሬ የእርስዎ ዓይነቶቹ በዓመት ወደ 300 ሲጥሉ፣ የሀበሻዋ ከ40 እስከ 60 ነው። ግብፆች እንቁላል በምድጃ መፈልፈል ከጀመሩ ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የእነሱ ፋዩሚ ዶሮ ለመታቀፍ ሰነፍ መሆኗ እኔን አይገርመኝም።

ጫጩት ከፈለጉ ሞግዚቷ ቀይዋ ናት። የቦቫንሶቹ እንቁላል ግን አውራ ከሌላቸው ቢታቀፍም ይገማል እንጂ አይፈለፈልም። አውራ ካለው ሰው፣ ከተጣለ ሳምንት ያልሞላው 10 ወይም 12 እንቁላል ያምጡና ሲመሽ ከሥሯ ያስገቡላት። በ7ኛው ቀን ጨለማ ውስጥ የስልክ ባትሪ ያብሩበት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ካልታየ ያውጡት። አውራ ገዝቼ ከቦቫንሶቹ ላዳቅል ካሉም ይቻላል፣ ጎረቤት በሌሊት ጩኸቱ ካልተቀየመዎት። ግን ቦቫንስ ራሷ ድቅል ስለሆነች ጫጩቶቿ እሷን አይተኩም፤ አንዷ ትታቀፋለች፣ ሌላዋ አትታቀፍም፣ እንቁላሉም ይቀንሳል።

ቀይዋን ደግሞ እንቁላል እንድትጥል ብቻ የፈለጉ ጊዜ፣ ሰፈር ውስጥ እንደሚደረገው ቁልቁል አይስቀሏት፣ አፍንጫዋም ላይ ላባ አይሰኩ። ወለሉ ሽቦ በሆነ፣ ከሥር አየር በሚያስገባና ብርሃን ባለው ቤት መኖና ውሃ ሰጥተው 3 ወይም 4 ቀን ያቆዩዋት። ሆዷ ሲቀዘቅዝ ይለቃታል።