ሰዓቱ እግርሽን አያይም

«ልጄን በጋሪ እየገፋሁ ረጅም መንገድ ስሄድ ስማርት ሰዓቴ እርምጃዬን በግማሽ ያጎድላል። ቆሜ ዕቃ ሳጥብ ግን ይቆጥራል። ተበላሽቶ ይሆን?» ላልሽኝ እህቴ፦ አይመስለኝም።

ሰዓቱ የሚያውቀው እጅሽን ብቻ ነው። ውስጡ ያለችው አክስለሮሜትር የምትባል ሴንሰር የእጅሽን እንቅስቃሴ በሦስት አቅጣጫ ትለካለች፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ከዚያ ውስጥ የእርምጃ የሚመስል፣ እየተደጋገመ የሚመጣ ምት ይፈልጋል። ጋሪ ስትገፊ እጅሽ መያዣው ላይ ረግቶ ስለሚቀር ምቱ ይደክማል፣ ሰዓቱም የቆምሽ ይመስለዋል። ሰሃን ስትፈትጊ ምቱ ይመጣል፣ ይቆጥራል። ትሬድሚል ላይ መደገፊያውን ጨብጦ የሚሄድ ሰውም የሚያማርረው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ፈትሺው። ያለ ጋሪ፣ እጅሽን ለቀቅ አድርገሽ፣ 200 እርምጃ ራስሽ እየቆጠርሽ ሂጂ። ሰዓቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከመነሳትሽ በፊትና ከቆምሽ በኋላ ጻፊው፤ አንዳንዱ ዘግይቶ ስለሚደምር ትንሽ ታገሺ። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ከ190 እስከ 210 ከሆነ እኔ ጤነኛ ነው እላለሁ። በ20 እርምጃ ግን አትፍረጂበት፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሰዓቶች በእርግጥ እየሄድሽ መሆኑን እስኪያረጋግጡ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ይዘው ይቆያሉ፣ መሀል ላይ ካቆምሽም ይጥሏቸዋል።

ፈተናውን ከወደቀ ማሰሪያውን እዪ። አንጓሽ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ አጥብቂው፣ ግን ደም እስኪያግድ አይደለም። ከዚያ አፑ ውስጥ ግቢና ሰዓቱን በየትኛው እጅ እንደምታስሪ የሚጠይቀውን ሴቲንግ አስተካክዪ። ብዙ በምትሠሪበት እጅ አስረሽ በሌላኛው እጅ ነው ብለሽው ከሆነ ትርፍ መቁጠሩ አይገርምም። ባትሪ ቆጣቢውን አጥፊ፣ አፕዴት ካለ አውርጂ፣ ሪስታርት አድርጊው። አፑ ላይ ቁመትሽን መቀያየር ላይ ጊዜሽን አታባክኚ፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው፣ ግን በዋናነት የሚቀይረው የተጓዝሽውን ርቀት እንጂ የእርምጃውን ቁጥር አይደለም።

ሰዓቱ ላይ አንድ ቁጥር፣ ስልኩ ላይ ሌላ ካየሽ ደግሞ ሴንሰሩን አትውቀሺ። ስልኩ ራሱ እርምጃ ይቆጥራል። የጤና አፑ ሁለቱን እየደመረ ሊሆን ስለሚችል፣ ከየት እንደሚቀበል የሚያሳየውን ቦታ ፈልገሽ አንዱን ብቻ ምረጪ።

ለጋሪው መላው ቀላል ነው፦ ሰዓቱን ፈትተሽ ሱሪሽ ኪስ ውስጥ ክተቺው ወይም ቁርጭምጭሚትሽ ላይ እሰሪው። የልብ ምቱን በትክክል አያነብልሽም፣ አንዳንዱም ከእጅ ሲወልቅ መቁጠር ያቆማል፣ ስለዚህ ያንቺን ሞክረሽ እዪ። ዕቃ ስታጥቢ አውልቂው፣ አለቀ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ያለ ጋሪ 200ው አሁንም 150 የሚልሽ ከሆነ፣ ዋስትናው ሳያልፍ ለሻጩ መልሺለት። ራስሽ እንዳትከፍቺው፤ አንዴ የተከፈተ ሰዓት ውሃ የሚከለክለው ማሸጊያው እንደ ድሮው አይገጥምም።