ስለ ባሕር አረም ሰላጣ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ባሕር አረም ሰላጣ ናቸው። ቤታችሁ መሥራት የጀመራችሁ በርከት ብላችኋል፤ ደስ ብሎኛል። ስድስቱን መርጫለሁ። አንዱ ላይ ረዘም አድርጌ ቆሜያለሁ፤ ሰው ሊጎዳ የሚችልበት ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ደረቅ ዋካሜ (ለሰላጣ የሚሆነውን የባሕር አረም) ገዝቼ ነከርኩት። ሳህኑን ሞልቶ ፈሰሰ። ስበላው ደግሞ ያሟልጫል። ምን አጥፍቼ ነው?

መጠኑና ሰዓቱ ናቸው ያስቸገሩሽ። ደረቅ ዋካሜ ውኃ ሲያገኝ ክብደቱ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ፓኬት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጬ ዘወር አልኩ። ስመለስ ቅጠሉ ከሳህኑ አፍ ተርፎ ጠረጴዛው ላይ ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልመዝን አልነክርም።

ለ4 ሰው 10 ግራም ይበቃል። ደረቅ ሆኖ ስታዪው እፍኝ እንኳ አይሞላም፤ እመኚኝ፣ አትጨምሪ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 5 ደቂቃ ንከሪው። አንዱን ቅጠል አውጥተሽ ንከሺው፤ ለስልሶ ጥርስ ላይ ትንሽ ከተንጫጫ ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ውኃውን ድፊና በእጅሽ ጨምቂው። ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ ግን መሟለጥ ይጀምራል።

ማጣፈጫው ቀላል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ አኩሪ አተር ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል። ለብቻው በጥብጪና መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ላይ አፍስሺ። የተቆላ ሰሊጥ ከላይ ነስንሺበት። ጨው አትጨምሪ፤ ሶሱም ቅጠሉም ጨዋማ ናቸው። እንግዳ ካለ ደግሞ አስቀድመሽ ጠይቂ፦ ሰሊጥ አለርጂ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ፤ የተለመደው የአኩሪ አተር ሶስም ስንዴ አለበት።

ጥያቄ፦ ሬስቶራንት የምበላው ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ቀጫጭንና የሚንኮሻኮሽ። የኔ ለምን እንደዚያ አይሆንም?

ያኛው ሌላ ምግብ ነው ማለት ይቻላል። ተዘጋጅቶ ቀዝቅዞ የሚመጣው ሰላጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከባሕር አረሙ ጋር ቀጫጭን የአጋር (ከባሕር አረም የሚወጣ፣ እንደ ጄላቲን የሚረጋ ነገር) ክሮችና ጥቁር የእንጨት እንጉዳይ ይገባል። መንኮሻኮሹ ከነሱ ነው። ድምቀቱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምግብ ቀለም ይሰጠዋል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ታገኛለህ።

ግን አንድ የሚያምር ነገር ልንገርህ። ዋካሜ ባሕር ውስጥ እያለ ቡናማ ነው። ትኩስ ቅጠል ካገኘህ የፈላ ውኃ ውስጥ ንከረው። በሰከንዶች ውስጥ ዓይንህ እያየ ቡናማው ሸሽቶ አረንጓዴው ይወጣል። አረንጓዴው ድሮም ቅጠሉ ውስጥ አለ፤ ቡናማው ቀለም ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ሸፍኖት ነው። ሙቀት ያንን ማሰሪያ ይፈታዋል።

ጥያቄ፦ ኮምቡ (መረቅ የሚሠራበት ወፍራም የባሕር አረም) ላይ ነጭ ዱቄት አየሁ። ሻግቷል?

አልሻገተም፤ አጥበሽ እንዳትጥይው። ማኒቶል የሚባል ጣፋጭ ነገር ነው፤ ከቅጠሉ ወጥቶ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጊና ተጠቀሚበት። ጸጉር ያለው፣ አረንጓዴ ወይም የሚሸት ከሆነ ግን እሱ ሻጋታ ነው፤ ጣይው።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ብበላውስ? ጤናማ ነው ይባላል። የታይሮይድ ዕጢ ችግር ነበረብኝ።

በየቀኑ አይብሉ። ሐኪምዎን ሳያማክሩ ደግሞ ጭራሽ አይጀምሩ።

ነገሩ አዮዲን ነው። አንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ይመክራል። 1 ግራም ደረቅ ኮምቡ ግን ብቻውን ከ1000 ማይክሮግራም በላይ ሊይዝ ይችላል። እንቅርት የሚመጣው አዮዲን ሲያንስ ብቻ ይመስለናል፤ ሲበዛም ይመጣል። ታይሮይድ ቀድሞ የታመመ ሰው ደግሞ የበለጠ ይጎዳል። «ቅጠሉን አልበላም፣ መረቁን ብቻ ነው» አይበሉ። ኮምቡ ሲቀቀል አዮዲኑ የሚወጣው ወደ ውኃው ነው።

ዋካሜ ከኮምቡ በጣም ያነሰ አለው፤ ሱሺ የሚጠቀለልበት ኖሪ ደግሞ ከዋካሜም ያንሳል። ጤነኛ ሰው አልፎ አልፎ አንድ ትንሽ ሳህን የዋካሜ ሰላጣ ቢበላ አይከፋም። ሂጂኪ የሚባለውን ጥቁሩንና ክር መሳዩን ግን እኔ ቤቴ አላስገባም። ኢኦርጋኒክ አርሴኒክ የሚባል መርዝ በብዛት አለበት፤ የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ሰዎች እንዳይበሉት ይመክራል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼን ልጋብዝ ነው። የሰሊጥ ዘይቱ ውስጥ ካናቢስ አድርጌ ሰላጣው ላይ ላፈስ አስቤያለሁ። አሠራሩንና መጠኑን ንገረኝ።

አሠራሩን አልጽፍልህም። ምክንያቱን ግን ላስረዳህ፤ ዝም ብዬ «አይሆንም» ብልህ ከሌላ ሰው ትጠይቃለህ።

ካናቢስ ሲጨስ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል። ሲበላ ግን እስኪሰማ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በአንጀት በኩል ጉበት ይገባል። ቲኤችሲ የሚባለው አስካሪ ንጥረ ነገር እዚያ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ይሄኛውም ራሱ ያሰክራል፣ ቶሎም አይለቅም። ሰውዬው ታዲያ ትንሽ ይበላል፤ 40 ደቂቃ ይጠብቃል። «ምንም የለውም» ብሎ ይደግማል። ከዚያ ሁለቱም ተደራርበው ይመጡበታል። ልቡ ይደልቃል፣ ያስመልሰዋል፣ የሞተ እስኪመስለው ይፈራል። እስከ 12 ሰዓታት ሊቆይበት ይችላል።

ካናዳ ውስጥ ካናቢስ ያለበት ምግብ የሚፈቅደው ሕግ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ሥራ ላይ ውሏል። እዚያ እንኳ አንድ ፓኬት ከ10 ሚሊግራም በላይ ቲኤችሲ እንዲይዝ አይፈቀድም፤ የሚለካውም በላቦራቶሪ ነው። አንተ በምን ትለካለህ? የመረጥከው ምግብ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። እርጥብ የዋካሜ ቅጠል ዘይት አይዝም። የሰላጣ ሳህን ታች እይ፤ ዘይቱ ተንሸራቶ ተጠራቅሞ ታገኘዋለህ። ቀድሞ የወሰደ ምንም አያገኝም፤ መጨረሻ ላይ ጠርጎ የበላው የሁሉንም ድርሻ ይወስዳል።

ለእንግዳ ሳይነግሩ ማብላት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ከግብዣው ወጥቶ መኪና የሚነዳ አለ። ያረገዘች ግን ገና ያልተናገረች ትኖራለች። የልብ ሕመሙን የማታውቅለት ጓደኛ ይኖርሃል። በብዙ አገር ሕግም ያስጠይቅሃል። እባክህ ተወው።

አንድ ሰው ቀድሞ በልቶ ከሆነስ? ብቻውን አትተዉት፤ አልኮል አይጠጣ፤ አይንዳ። ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከተደናበረ ወይም ሲጠሩት ካልነቃ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሕፃን ከበላ ግን ምልክት አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ሩጡ። ለሐኪሙም የበላውን በግልጽ ንገሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ትወስዳለች። ሰላጣው ይሆናታል? የተረፈውንስ ስንት ቀን ላስቀምጥ?

የባሕር አረም ቫይታሚን ኬ አለበት፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። አደጋው በድንገት ብዙ መብላቱ ላይ ነው። እናትሽ ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከተፈቀደላቸውም መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ። ካናቢስም ከዋርፋሪን ጋር አይስማማም፤ የመድኃኒቱን ኃይል ጨምሮ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል።

የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ 2 ቀን ይቆያል። ማጣፈጫውን ከቅጠሉ ለይተሽ ካስቀመጥሽ በማግስቱም አይልፈሰፈስም። የነከርሽውን ቅጠል ጠረጴዛ ላይ አታሳድሪ፤ ደረቁን ግን ፓኬቱን አጥብቀሽ ዘግተሽ እርጥበት በማያገኘው ቦታ ብታኖሪው ለወራት ይቀመጥልሻል።