ሐሞት ከረጢቴ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ የ43 ዓመት የልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ሳምቡሳ ወይም ቅባት የበዛበት ጥብስ በበላሁ ማታ ከሆዴ በላይ በቀኝ በኩል ይይዘኝና ወደ ትከሻዬ ይወጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጨጓራ ነው» እየተባልኩ ኦሜፕራዞል ስውጥ ኖርኩ። አሁን በአልትራሳውንድ ጠጠሮች ታዩ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ይሻላል ይለኛል፤ ጎረቤቶቼ ግን ዘይትና ሎሚ ጠጥተሽ ይወጣልሻል ይላሉ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሐኪሙን ይስሙ። የጻፉልን ሁሉ የሐሞት ጠጠር ሕመም መልክ አለው። እኛ አገር ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ስለሚባል እንደ እርስዎ የሚጉላላ ብዙ ነው፤ የኤች ፓይሎሪ ምርመራው ፖዘቲቭ ከሆነማ ፍለጋው እዚያው ያበቃል። ባክቴሪያው በብዙዎቻችን ሆድ ውስጥ አለ፤ እሱን ማከም ጠጠሩን አይነካውም።

ሁለቱን ለመለየት ሕመሙ የሚቆይበትን ጊዜ ይያዙ። ጨጓራ ያቃጥላል፣ የቃር መድኃኒት ሲወሰድም ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል። የሐሞት ጠጠር ሕመም ከተነሳ ግን እየበረታ ይሄድና ከግማሽ ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ገደማ ሳይለቅ ይቆያል፤ ቢገላበጡም ቢያስመልሱም አይተውም። ከዚያ ይለቅና ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ቅባት አንጀት ሲደርስ ከረጢቱ ሐሞት ለመልቀቅ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ጠጠሩ የከረጢቱ አንገት ላይ ይወተፋል። ወደ ኋላ ሲመለስ ሕመሙም ይለቃል።

የአልትራሳውንድ ወረቀትዎ ላይ ሁለት ቁጥር ይፈልጉ። «ዎል» የሚለው የከረጢቱ ግድግዳ ውፍረት ነው፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ብግነት ሊኖር ይችላል። «ሲቢዲ» ዋናው የሐሞት ቱቦ ነው፤ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ ጠጠር ወደ ቱቦው ወርዶ እንደሆነ መጣራት አለበት። ለዚህም ከቀዶ ጥገናው በፊት የጉበት የደም ምርመራ፣ በተለይ ቢሊሩቢን (ሐሞት ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም)፣ ይታያል። አልትራሳውንዱ የተሠራው ጠዋት ፈጢራ በልተው ከሆነ ግን ቁጥሩን አይመኑ፤ ባዶ ያልሆነ ሆድ ከረጢቱን ስለሚያኮማትረው ግድግዳው ወፍሮ ይታያል፣ ጠጠርም ሊሰወር ይችላል። 8 ሰዓት ያህል ጾመው ያስደግሙት።

ዘይትና ሎሚው ላይ እንምጣ። በማግስቱ የሚወጣው አረንጓዴ ለስላሳ ድብልብል ዘይቱ አንጀት ውስጥ ሳሙና መሰል ነገር ሆኖ የተፈጠረ ነው። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ በጣት ሲጫኑት ይላላል። ጠጠሩ የነበረበት አለ። ይባስ ብሎ ብዙ ዘይት በአንዴ ሲጠጣ ከረጢቱን በኃይል ያኮማትራል፤ ትንሽ ጠጠር ቱቦ ውስጥ ገብቶ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል። የሚያሟሟ ክኒን አለ፤ ሆኖም የሚሠራው በትንንሽ የኮሌስትሮል ጠጠር ላይ ብቻ ነው፣ ለወራት ይዋጣል፣ ሲቆም ደግሞ ጠጠሩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ሕመም ያስነሳ ጠጠር ደጋግሞ ያስነሳል፤ ቀዶ ጥገና የሚመከረው ለዚህ ነው። በላፓሮስኮፒ (ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ) ከሆነ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆኑ 3 ወይም 4 ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ አብዛኛው ሰው በማግስቱ ቤቱ ይገባል፣ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ሥራው ይመለሳል። ሆድ ተከፍቶ ከተሠራ ከባድ ነገር ለማንሳት ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቅ ነው። ድል ጮራም ይሂዱ ሕይወት ፋና ወይም የግል ሆስፒታል፣ በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራና ቀዶ ሐኪሙ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራው ፊት ለፊት ይጠይቁ። በላፓሮስኮፒ ተጀምሮ ሆድ ለመክፈት ከተወሰነ አይደንግጡ፤ ቱቦው በደንብ ካልታየ ከመቁረጥ መክፈት ይሻላል። ዋናው ስጋት የቱቦው መጎዳት ነው፤ ከ1000 ሰው ከ3 እስከ 5 ያህሉን ያጋጥማል።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ሕመሙ ሳይለቅ ከ6 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነና ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ጥያቄ፦ ከሐረር ሸንኮር። 58 ዓመቴ ነው። ለኩላሊት በተነሳሁት አልትራሳውንድ ሐሞት ከረጢቴ ውስጥ 14 ሚሊ ሜትር ጠጠር ተገኘ። አሞኝ አያውቅም። ይውጣ?

መልስ፦ ይተዉት። ሳያም ከተገኘ ጠጠር ጋር ከሚኖሩ 100 ሰዎች በዓመት ሕመም የሚነሳባቸው ጥቂት ናቸው፤ ሳያስቸግር ከኖረ ነገር ጋር መታገሉ አያዋጣም። ጠጠሩ ከ3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ የከረጢቱ ግድግዳ ካልሲየም ከለበሰ ወይም 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ፖሊፕ (ከግድግዳው የበቀለ እባጭ) ካለ ግን ቀዶ ሐኪም ያማክሩ። ውሃ በብዛት መጠጣት ለኩላሊት ጠጠር ደግ ነው፤ የሐሞቱን አያሟሟውም። ክብደት ለመቀነስ ካሰቡ ቀስ እያሉ ይቀንሱ፤ በፍጥነት መክሳት ራሱ ጠጠር ይሠራል።

ጥያቄ፦ ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ዶሮ ወጥ ዕርም ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሐሞት የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ስለሆነ ሐሞቱ በቀጥታ ወደ አንጀት ይፈሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅባት ሲበዛ ሆድ ሊያላላ ስለሚችል በትንሽ በትንሹ ይጀምሩ፤ ቂቤውን በልክ። ተቅማጡ ከወራት በላይ ከቀጠለ መድኃኒት አለው፣ ለሐኪምዎ ይንገሩ።