ቅኝ ገዢዎቹ ለቀቁ ወይስ እንዲለቁ ተደረጉ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መማሪያ መጽሐፋችን ላይ የአፍሪካ አገሮች ስምና ነጻ የወጡበት ዓመት የተደረደረበት ሰንጠረዥ አለ። ከ1960 ትይዩ ብቻ አሥራ ሰባት አገሮች ተጽፈዋል። አጎቴ «እንግሊዞች በሰላም አስረክበው ነው የወጡት፤ ደም ያፈሰሱት ፈረንሳዮች ናቸው» ይላል። እውነቱን ነው? ደግሞስ በአንድ ዓመት ይህን ያህል አገር ነጻ የወጣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ አጎትሽ ያሉት ከፊሉ እውነት ነው። እንግሊዞች በብዙ ቦታ ባንዲራቸውን በሥነ ሥርዓት አውርደው ሄደዋል። እዚያ ያደረሳቸው ግን ርኅራኄ አይደለም። ታሪክ ሳስተምር ስለ አፍሪካ ነጻነት የምጀምረው ከጋናው የነጻነት መሪ ከክዋሜ ንክሩማ ሳይሆን ከሦስት የቀድሞ ወታደሮች ነበር፤ ለአንቺም ከእነሱ ልጀምርልሽ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬዋ ጋና ያኔ ጎልድ ኮስት ትባል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጆቿ ለእንግሊዝ ንጉሥ በርማ ጫካ ድረስ ዘምተው ከጃፓን ጋር ተዋግተዋል። ሲመለሱ ቃል የተገባላቸውን ጡረታና ሥራ አላገኙም። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 አክራ ውስጥ መሣሪያ ሳይዙ ተሰልፈው፣ አቤቱታቸውን ለአገረ ገዢው ለማቅረብ ወደ ክርስቲያንስቦርግ ግንብ አመሩ። ፖሊስ መንገድ ዘጋባቸው። አንድ እንግሊዛዊ የፖሊስ መኮንን ጠመንጃ አንስቶ ተኮሰ። ሳጅን አጄቴ፣ ኮርፖራል አቲፖና ወታደር ላምፕቴ ሞቱ።

ከተማው ቀድሞም ሆዱ ብሶ ነበር። ሕዝቡ የኑሮ ውድነቱን በመቃወም ከጃንዋሪ ጀምሮ የውጭ ዕቃ አልገዛም ብሎ አድሞ ሰንብቷል። ዋጋ ይቀንሳል ተብሎ አድማው ያበቃው በዚያው ዕለት ነው። ገበያ የወጣው ሰው ዋጋው የጠበቀውን ያህል እንዳልወረደ አየ፤ ብዙም ሳይቆይ የሦስቱን ሞት ሰማ። መደብሮች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፤ ሁከቱ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ።

የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ንክሩማን ጨምሮ ስድስት መሪዎችን አሰረ። ነገሩን እንዲያጣራ ከለንደን የመጣው ኮሚሽን ግን በ1946 የወጣው ሕገ መንግሥት ሲወለድ ጀምሮ ጊዜው ያለፈበት ነበር ብሎ ጻፈ። ንክሩማ በ1949 የራሱን ፓርቲ አቋቁሞ «ራስን ማስተዳደር አሁኑኑ» አለ፤ በጃንዋሪ 1950 የሥራ ማቆም አድማ ተጠራ፤ እሱም ዳግመኛ ታሰረ። በፌብሩዋሪ 1951 ምርጫ ሲደረግ እስር ቤት ሆኖ ለአክራ ተወዳደረ፤ ከ23 ሺህ ገደማ ድምፅ ከ22 ሺህ በላይ አገኘ። አገረ ገዢው አርደን ክላርክ ያን ጊዜ የነበረው ምርጫ ሁለት ነው፦ ሕዝብ የመረጠውን ሰው ቆልፎበት አገሩን በጠመንጃ መግዛት፣ ወይም ፈትቶ መንግሥት እንዲመራ መጥራት። ፈታው። ማርች 6 ቀን 1957 ጋና ነጻ ሆነች። በሰንጠረዥሽ ላይ አንድ መስመር የያዘው ይህ ሁሉ ነው።

ቅኝ ግዛት የሚተዳደረው በጥቂት አውሮፓውያንና እጅግ በብዙ የአገሬው ፖሊስ፣ ወታደር፣ ጸሐፊና ግብር ሰብሳቢ ነበር። እነዚህ ሰዎች አንታዘዝም ሲሉ፣ ተራው ሕዝብም ሲያድም፣ አገሩን ይዞ መቆየት ከመልቀቅ ይልቅ ይከብዳል። በፌብሩዋሪ 1946 ቦምቤይ ላይ የሕንድ ባሕር ኃይል መርከበኞች ሲያምፁ፣ ከጦርነቱ ባለዕዳ ሆና የወጣችው እንግሊዝ ሕንድን የምትይዝበት ክንድ እየከዳት እንደሆነ ግልጽ ነበር። አወጣጧ ግን የጥድፊያ ነበር። አገሩ ሕንድና ፓኪስታን ተብሎ ለሁለት ሲከፈል ወሰን እንዲያሰምር የተላከው ሲሪል ራድክሊፍ ሕንድን ከዚያ በፊት አይቷት አያውቅም፤ የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ነው። መስመሩ ለሕዝብ የተገለጸው ከነጻነቱ ሁለት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 17 ቀን 1947 ነበር። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፤ የሞተውም ብዙ ነው። ይህን «በሰላም ማስረከብ» ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ኬንያን ደግሞ አጎትሽ የረሷት ይመስለኛል። እዚያ ለም መሬቱን የያዙ ነጭ ሰፋሪዎች ነበሩ። በ1952 ማው ማው በተባለው የጸረ ቅኝ ግዛት ትግል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከሺህ በላይ ሰዎች በፍርድ ተሰቀሉ። በማርች 1959 ሆላ በተባለው ካምፕ አሥራ አንድ እስረኞች በዱላ ተደብድበው ሲሞቱ ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ያሉት የጠጡት ውሃ ነው የገደላቸው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በሕይወት ለተረፉ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች ካሳ ለመክፈል የተስማማው በ2013 ነው። የደሙ መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በሰፋሪዎች ብዛት ነው። አልጄሪያ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰፋሪዎች ስለነበሩ ፈረንሳይ አገሩን የራሷ አካል አድርጋ ትቆጥረው ነበር፤ ከ1954 እስከ 1962 ተዋጋች።

ወደ 1960ዋ ጥያቄሽ ልመለስ። ከአሥራ ሰባቱ አሥራ አራቱ በፈረንሳይ ሥር የነበሩ ናቸው። በ1958 የፈረንሳዩ መሪ ደጎል በአፍሪካ ላሉት ግዛቶቹ ምርጫ አቀረበ፦ «የፈረንሳይ ማኅበረሰብ» በተባለው፣ ፈረንሳይ በምትመራው ኅብረት ውስጥ መቆየት፣ ወይም ወዲያው ነጻ ወጥቶ ርዳታ ማጣት። የጊኒው መሪ ሴኩ ቱሬ ዋና ከተማው ኮናክሪ ላይ ፊት ለፊቱ «በባርነት ከመበልጸግ በነጻነት መደህየትን እንመርጣለን» አለው፤ ሴፕቴምበር 28 የጊኒ ሕዝብ ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ በሆነ ድምፅ «አይሆንም» አለ። ፈረንሳዮቹ ሠራተኞቻቸውን አስወጡ፤ የቢሮ ዕቃና ሰነድ ሳይቀር ጭነው ሄዱ። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ነጻ ጋና ለጊኒ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ቃል ገባች። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ጊኒ ሳትጠፋ ስትቀር ሌሎቹም ጠየቁ። ሠራዊቷ አልጄሪያ ውስጥ የተጠመደባት ፈረንሳይ ሁለተኛ ጦርነት አትችልም፤ ስለዚህ በአንድ ዓመት ለቀቀቻቸው። አብዛኞቹ ግን ፈረንሳይ ለቅኝ ግዛቶቿ ያወጣችውን ገንዘብ፣ ሲኤፍኤ ፍራንክን፣ ይዘው ነው የወጡት፤ የውጭ ምንዛሪ ክምችታቸውም በአብዛኛው ፓሪስ ግምጃ ቤት ይቀመጥ ነበር። የነጻነት ዋጋ ማስከፈል ደግሞ የቆየ ልማድ ነው። ባሪያዎች ተነሥተው በ1804 ነጻ ያወጧትን ሄይቲን ፈረንሳይ በ1825 የጦር መርከብ ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንድትከፍል አስገድዳለች፤ ገንዘቡ የታሰበው ባሪያዎቻቸው ነጻ ለወጡባቸው ጌቶች ነበር። ኢንዶኔዢያም በ1949 ሆላንድ ሉዓላዊነቷን ስታስረክባት 4.3 ቢሊዮን ጊልደር ዕዳ አብራ አሸክማታለች። ሰንጠረዥሽ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ቢጨመር እኔ የምጽፍበት ይህን ነው፤ ማን፣ ለማን፣ ስንት ከፈለ።

ጥያቄ፦ ሌሎቹ ሁሉ ሲወጡ ደሃዋ ፖርቱጋል እስከ 1975 የቆየችው በምን አቅሟ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በአቅም ሳይሆን በአምባገነንነት ነው። ለንደንና ፓሪስ ውስጥ ጦርነት የሰለቸው ሕዝብ መንግሥትን በምርጫ ይቀጣል፤ ሊዝበን ውስጥ ግን የሳላዛርን አገዛዝ በድምፅ መጣል አይቻልም ነበር። ሳላዛር በ1951 ቅኝ ግዛቶቹን «የባሕር ማዶ ክፍለ ሀገሮች» ብሎ ሰየማቸውና ቅኝ ግዛት የለኝም አለ። አንጎላ በ1961፣ ጊኒ ቢሳው በ1963፣ ሞዛምቢክ በ1964 ጠመንጃ አነሡ። የጊኒ ቢሳው መሪ አሚልካር ካብራል በጃንዋሪ 1973 ቢገደልም፣ ትግሉ አልቆመም፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ነጻነት ታወጀ።

የፖርቱጋል ወጣት ለዓመታት ወደ አፍሪካ ተልኮ መዋጋት ግዴታው ነበር። ጦርነቱን እንደማያሸንፉት ከሁሉ ቀድመው ያወቁት የሚዋጉት የበታች መኮንኖች ናቸው፤ ኤፕሪል 25 ቀን 1974 የገዛ መንግሥታቸውን ገለበጡ። ስለዚህ የአፍሪካ ታጋዮች ፖርቱጋልንም ከአምባገነን ነጻ አውጥተዋል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ሞዛምቢክ በጁን 1975 ነጻ ወጣች። አንጎላ ውስጥ ሦስት ንቅናቄዎች እርስ በርስ ይዋጉ ስለነበር ፖርቱጋላዊው ከፍተኛ ኮሚሽነር ኖቬምበር ላይ ሥልጣኑን ለአንዳቸውም ሳያስረክብ፣ ለአንጎላ ሕዝብ ትቻለሁ ብሎ ወጣ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ እስከ 2002 ቀጠለ።