ሥራ ፈት የሆነው ቨርቹዋል ማሽን ለምን ዘግይቶ ይነቃል?

ጥያቄ፦ ኬቪኤም (የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) በሚያስተዳድረው የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ላይ አጫጭር ጥያቄዎችን የሚመልስ ዳታቤዝ አለኝ። ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው፤ ሆኖም መልሱ ያው ዳታቤዝ በቀጥታ ሃርድዌሩ ላይ ሲጫን ከሚሰጠው ይዘገያል። ጥያቄ ሲበዛበት ደግሞ የእያንዳንዱ መልስ መዘግየት ይቀንሳል። ምክንያቱ ምን ይሆን? ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲያጣም እንዳያርፍ የሚያደርገውን «አይድል ፖል» የተባለ የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አማራጭ ብጠቀምስ ይፈታል?

መልስ፦ ጥያቄ ሲበዛ መዘግየቱ እንደሚቀንስ ማስተዋልዎ ዋናውን ፍንጭ ሰጥቶናል። ጊዜው የሚባክነው ሥራው በሚሠራበት ወቅት ሳይሆን ፕሮሰሰሩ በሚተኛበትና በሚነቃበት ቅጽበት ነው።

የሚሠራው ያጣ ከርነል «ሀልት» የተባለውን ትእዛዝ ይፈጽማል። ትእዛዙ በቀጥታ ሃርድዌር ላይ ሲፈጸም ኮሩን (ሥራውን የሚሠራውን የፕሮሰሰሩን ክፍል) ከማሳረፍ አያልፍም፤ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሲፈጸም ግን ሥልጣኑን ለሃይፐርቫይዘሩ ያስረክባል፤ ሃይፐርቫይዘሩም ቨርቹዋል ፕሮሰሰሩን የያዘውን ትሬድ (የሥራ ክር) አስተኝቶ ኮሩን ለሌላ ሥራ ይሰጣል፤ ሌላ ሥራ ከሌለም ኮሩ ራሱ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ሊገባ ይችላል። ቀጣዩ የኔትወርክ ፓኬት ሲደርስ ኮሩ መንቃት፣ የአስተናጋጁ (ማሽኑን የሚያስኬደው እውነተኛ ኮምፒውተር) ስኬጁለር፣ ማለትም ተራ አስያዡ፣ ትሬዱን መምረጥ፣ ከዚያም ወደ እንግዳው ሲስተም (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ወዳለው ሊኑክስ) ተገብቶ ፓኬት መምጣቱን የሚያሳውቀው ምልክት፣ ኢንተራፕቱ፣ መድረስ አለበት።

ታይመሩም የራሱን ወጪ ይጨምራል። ከርነሉ ከመተኛቱ በፊት በየጊዜው የሚመታውን ቲክ አቁሞ ቀጣዩን ቀጠሮ በታይመሩ ላይ ይጽፋል፤ ሲነቃም ቲኩን ለማስጀመር እንደገና ይጽፋል። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ጽሕፈት ወደ ሃይፐርቫይዘሩ ስለሚያስወጣ፣ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ብቻ የቆየ ዕረፍት አንድ «ሀልት»ንና ሁለት የታይመር ጽሕፈትን ያስከፍላል።

መፍትሔው ወዲያው ከመተኛት ይልቅ ለአጭር ጊዜ ነቅቶ መጠበቅ ነው። ኬቪኤም ይህን በአስተናጋጁ በኩል ያደርገዋል፤ በኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ላይ የመጠበቂያው ጣሪያ ሳይነካ ሲቀር 200,000 ናኖሰከንድ፣ ማለትም 200 ማይክሮሰከንድ ነው። በዚህ መንገድ ግን እንግዳው አስቀድሞ ወደ ሃይፐርቫይዘሩ ወጥቷል፤ የታይመሩም ወጪ ተከፍሏል። ስለዚህ እኔ የማስቀድመው በ2019 ከሊኑክስ 5.4 ጋር የመጣውን «ሀልትፖል» የተባለ የከርነል ሞጁል ነው፤ እንግዳው ራሱ ሳይወጣ ይጠብቃል፣ በሚጠብቅበትም ጊዜ ቲኩን አያቆምም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ አስተናጋጁ ኮሮቹ ለእርስዎ ብቻ የተመደቡ መሆናቸውን ካላሳወቀ ሞጁሉ አይሠራም፤ «ፎርስ» በተባለው መለኪያ ማስገደድ ያስፈልጋል።

የመጠበቁ ጥቅም በጥያቄዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ይወሰናል። ጥያቄዎች በየ50 ማይክሮሰከንዱ ከመጡ በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ ይደርሳሉ፤ በየ10 ሚሊሰከንዱ ከመጡ ግን ጥበቃው ኃይል ከማባከን በቀር የሚፈይደው የለም። አስተናጋጁን የማየት ፈቃድ ካለዎት «ኬቪኤም ስታት» በተባለው መሣሪያ የተሞከሩትንና የተሳኩትን ጥበቃዎች ያወዳድሩ፤ የተሞከሩት በዝተው የተሳኩት ጥቂት ከሆኑ ጣሪያውን በጭፍን ከፍ ማድረግ አይመከርም።

«አይድል ፖል»ን በጋራ አስተናጋጅ ላይ እንዳይጠቀሙ አጥብቄ እመክራለሁ። ቨርቹዋል ፕሮሰሰሩ ፈጽሞ ስለማያርፍ ከጎረቤት ማሽኖች ጊዜ ይወስዳል፤ የአስተናጋጁ ስኬጁለርም ተራው ደርሶ ሲያስቆመው ጥያቄዎ በዚያው ይቆያል። ይህ «ቶፕ» የተባለው የክትትል መሣሪያ በሚያሳየው የ«ስቲል» (የተነጠቀ ጊዜ) ቁጥር ላይ ይታያል። ኮሮቹ በእርግጥ የእርስዎ ብቻ ከሆኑ የተሻለው አማራጭ ከኬቪኤም ጋር ቨርቹዋል ማሽኑን በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በኪውኢሙ፣ «ሲፒዩ-ፒኤም» የተባለውን አማራጭ መክፈት ነው፤ እንግዳው «ሀልት»ን ሳይወጣ ይፈጽማል፣ ኮሩም ያርፋል። ለአስተናጋጁ ግን ኮሩ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ የተያዘ መስሎ ስለሚታይ፣ የአጠቃቀም ቁጥሩን የሚከታተሉ ባልደረቦችዎን አስቀድመው ያሳውቁ።

በመጨረሻም እንግዳው የሚጠቀምበትን የሰዓት ምንጭ ይመልከቱ። «ቲኤስሲ» (የፕሮሰሰሩ ቆጣሪ) ወይም «ኬቪኤም ክሎክ» (የኬቪኤም የራሱ ሰዓት) ከሆነ መልካም ነው፤ «ኤችፔት» የተባለው ታይመር ከሆነ ግን ዳታቤዙ ሰዓት ባነበበ ቁጥር ወደ ሃይፐርቫይዘሩ ስለሚወጣ ከሁሉ በፊት እርሱን ይቀይሩ።