ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ልጅ

ልጆቼ፣

ሥዕል ሳስተምር ከተማሪዎቼ አብዝቼ የሰማሁት ጥያቄ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ የሚከፋው ቶሎ መምጣቱ ነው። እኔም በዚሁ ችኮላ ተይዤ አንድን ሥዕል ለዓመታት በቅጡ ሳላየው አስተምሬዋለሁ።

ሥዕሉ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የኤድዋር ማኔ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 «የፓሪስ ሳሎን» በሚባለው ታላቅ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ለእይታ ቀረበ፤ አሁን ለንደን በሚገኘው ኮርቶልድ ጋለሪ ተሰቅሏል። ፎሊ ቤርዤር በተባለው የፓሪስ መዝናኛ አዳራሽ፣ ከእብነ በረድ ባንኮኒ ጀርባ አንዲት መጠጥ ሻጭ ቆማለች። ከኋላዋ የሚታየው ሕዝብና መብራት ሁሉ በትልቅ መስታወት ውስጥ ያለ ነው። «የብቸኝነት ሥዕል ነው፤ ፊቷን እዩት» ብዬ ትምህርቴን እዘጋ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ «መምህር፣ ከላይ በግራ የተንጠለጠሉት እግሮች የማን ናቸው?» አለችኝ። አረንጓዴ ጫማ ያደረጉ የሰርከስ ተጫዋች እግሮች! ያን ሁሉ ዘመን አላየኋቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከመተርጎሜ በፊት እቆጥራለሁ። ሻምፓኝ፣ ብርቱካን፣ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያለበት የእንግሊዝ ቢራ፣ በብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጽጌረዳ። በግራ ጫፍ ባለው ጠርሙስ ወረቀት ላይ ሠዓሊው ስሙንና ዓመቱን ጽፏል። ራሱንም ከሚሸጠው ዕቃ ጋር መደርደሩ ይሆን? ግምት ነው፤ ግን ቢያንስ የሚደገፍበት ጠርሙስ አለው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላደግን ሰዎች ዐይን ቁልፍ ነው፤ ጻድቁ በሁለት ዐይን፣ ክፉው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዐይን ይሣላል። ይህን ቁልፍ ማኔ ላይ ሞክሬው ነበር፤ አልከፈተም። የልጅቱ ሁለት ዐይኖች ወደ እኛ ናቸው፣ ግን እኛን የሚያዩ አይመስሉም።

ትልቁ ጣጣ መስታወቱ ነው። ጀርባዋ ልክ ከኋላዋ ተሸፍኖ መቅረት ሲገባው ወደ ቀኝ ሸሽቶ ይታያል፤ እዚያም ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው ፊት ለፊቷ ቆሟል። ያ ሰው ግን ከባንኮኒው ወዲህ የለም። የዘመኑ ተቺዎች ሠዓሊው ተሳሳተ ብለው ሳቁ። ሥዕሉ በኤክስሬይ ሲመረመር ግን ማኔ ነጸብራቋን እየደጋገመ ወደ ቀኝ እንደገፋው ታወቀ። በሽተኛ ነበር፤ በዓመቱ ሞተ። እንዲህ የታመመ ሰው አንድን ጀርባ ደጋግሞ የሚያንቀሳቅሰው በግዴለሽነት አይመስለኝም።

«ባርኔጣ ያጠለቀው ሰው ተመልካቹ ራሱ ነው» የሚለውን የተለመደ ፍቺ አልወደውም። ሰውዬው አፍንጫዋ ሥር ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ራቅ ብያለሁ። የሚማርከኝ ሌላው ሐሳብ ነው፦ ሠዓሊው የቆመው መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ቀኝ ገባ ብሎ ነው፤ ሰውዬውም ከሥዕሉ ውጭ በግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ የሚነጋገሩ የሚመስሉት በመስታወቱ ውስጥ ብቻ ነው።

አትመኑኝ፤ ሞክሩት። እኅታችሁን ወይም ጓደኛችሁን መስታወት ፊት አቁሙ፤ መስታወቱ ከጀርባዋ ይሁን። ከፊቷ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ አስቀምጡ። ከመሐል ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ቀኝ ሂዱና ጀርባዋ ከትከሻዋ ወጥቶ የሚታይበትን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ስለ ፊቷ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።