የማልለብሰውን ልብስ ማየት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? ጥያቄዬ ትንሽ ያሳፍራል። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የምሠራው የጥርስ ሐኪም ቤት። እንግዳ መቀበያው ላይ የሚቀመጡት የፋሽን መጽሔቶች ሲያረጁ ይጣላሉ። እኔ ሳይጣሉ ወደ ቤት እወስዳቸዋለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሻዬን ይዤ አገላብጣቸዋለሁ። በጣም ደስ ይለኛል። ልብሶቹን ግን መልበስ አልፈልግም፤ በነጻ ቢሰጡኝም አልለብሳቸውም። ሳምንቱን ዩኒፎርም፣ እሑድ ነጠላዬን ነው የምለብሰው፤ ይበቃኛል። እንደ እነዚያ በልብስ እንዳበዱት ሴቶች አይደለሁም። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። እጅጌው እንዴት እንደገባ፣ ኮሌታው እንዴት እንደተቆረጠ ማየት ነው የምወደው። በቀደም ጓደኛዬ አልጋዬ ሥር ያለውን ክምር አይታ «ይሄማ የዓይን አምሮት ነው። የማትለብሺውን ምን ያሳይሻል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅር እያለኝ ነው። ኃጢአት ነው? በጾምስ እንዴት ነው? ባለፈው ፍልሰታ ደግሞ ከሥራ በቀጥታ ለቅዳሴ ስመጣ አንዱ መጽሔት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቅዳሴው እስኪያልቅ ስሳቀቅ ቆየሁ።

መልስ፦

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጥያቄሽ አያሳፍርም። እንዲያውም «የማትለብሺውን ምን ያሳይሻል» የሚለው ነገር እኔንም ሲያሳስበኝ ሰነበተ። በዚህ ከሄድንማ ጥምቀት ላይም ብዙ ሰው ዓይኑን መጨፈን ሊኖርበት ነው።

እስቲ ጃንሜዳን አስቢው። ታቦታቱ ሲወጡ ካህናቱ ካባ ደርበው፣ ወርቅ ጥልፍ ያለበት ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ የቀይ ከፋዩ ዘርፍ በነፋስ ሲወዛወዝ። ሕዝቡ ምን ይሠራል? ያያል። እልል ይላል። ሕፃናት ትከሻ ላይ ተሰቅለው ያያሉ። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ይህን ካባ እኔ ብለብሰው» የሚል ማን አለ? የእኛ እንዳልሆነ እናውቃለን። እናውቃለንና በነጻነት ደስ ይለናል። ልጅ ሆኜ የደብራችንን አለቃ ካባ ጠርዝ ላይ ያለውን የወርቅ ክር ዓይኔን ሳልነቅል አይ ነበር። ክሩ አንድ ቦታ ላይ ተመዞ ቀስ እያለ እየተተረተረ ነበር። ስብከቱ አሁን ትዝ አይለኝም። ያቺ ክር ግን ትዝ ትለኛለች።

ይህ ደግሞ ከእኛ የተጀመረ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 እግዚአብሔር ለአሮን ልብስ እንዲሠራ ሙሴን ሲያዝዘው ዓላማውን ሲናገር «ለክብርና ለጌጥ» ይላል። ለጌጥ! ሰፊዎቹም ዝም ብሎ እጃቸው የቀናላቸው ሰዎች አይደሉም፤ የጥበብ መንፈስ የሞላሁባቸው ይላቸዋል። በቀሚሱ ዘርፍ ዙሪያ ሮማን አለ፤ በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ግምጃ የተሠራ። በየሮማኑ መካከል የወርቅ ሻኵራ (ትንሽ ደወል) አለ። አንድ ሮማን፣ አንድ ሻኵራ፣ እንደገና ሮማን። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆንሽ ይህን ምዕራፍ አንቺ ከእኔ በተሻለ ታነቢዋለሽ። አሁን ልብ በይ፤ ያንን ልብስ እስራኤል ሁሉ አየው። የለበሰው ግን ሊቀ ካህናቱ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ሕዝቡ ከሩቅ አይቶት የሚደሰትበት፣ ለራሱ የማይመኘው ልብስ አሠራ ማለት ነው።

እኛም እኮ በጥልፉ የታወቀውን የሀገራችንን ልብስ «ጥበብ» ነው የምንለው። ሰሎሞን የለመነውንም «ጥበብ» እንላለን። አንድ ቃል ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጥለት ሲመርጥ ያረፈደ ሰው ይገባዋል። ሞዴሏ ልያ ከበደ በ2002 እ.ኤ.አ. ቮግ የተባለው የፋሽን መጽሔት የፓሪስ ዕትም ሽፋን ላይ ስትወጣ ብዙዎቻችን ኮርተናል፤ መጽሔቱን በእጁ ነክቶ የማያውቀው ሁሉ ሳይቀር። በ2007 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው ለምለም የተባለ የልብስ ድርጅት ደግሞ የእኛን ሸማኔዎች የእጅ ሥራ ይዞ ነው ወደ ውጭ የወጣው። ከልብስ ጀርባ እጅ አለ። የእጅን ሥራ ማድነቅ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ጓደኛሽ የጠቀሰችው ቃል ግን ቀልድ አይደለም። ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ «የሥጋ ምኞትና የዓይን አምሮት» ከአብ አይደለም ብሏል። ይሁን እንጂ «አምሮት» የሚለውን ቃል በደንብ እንየው። የነፍሰ ጡርን አምሮት ታውቂዋለሽ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ባሏን ቀስቅሳ «ቆሎ አምጣ» የሚያሰኛት። አምሮት ካላገኘ አይተኛም። አንቺ ደግሞ መጽሔቱን አልጋ ሥር ወርውረሽ እንቅልፍሽን የምትለጥጪ ከሆነ፣ ያ አምሮት ሳይሆን ማድነቅ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሰው አገር ልብስ አይተው የተደነቁ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው አካን ነው። ኢያሱ ምዕራፍ 7 ላይ ሲመረመር የተናገረውን አንብቢው። ከኢያሪኮ ምርኮ መካከል ያማረ የሰናዖር (የባቢሎን አገር) ካባ አየ። ተመኘ። ወሰደ። ከብሩና ከወርቁ ጋር ድንኳኑ ውስጥ መሬት ቆፍሮ ቀበረው። የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ ቀብሮት ሊለብሰው እንኳ አልቻለም። የት ይለብሰዋል? እስራኤል ሰፈር መካከል የሰናዖር ካባ ደርቦ ሊሄድ?

ሁለተኛዋ የእኛዋ ናት። ንግሥተ ሳባ። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ላይ በሰሎሞን ቤት ያየችው ሲዘረዘር ቤቱ አለ፣ ማዕዱ አለ፣ መሥዋዕቱ አለ። መካከል ላይ «አለባበሳቸውንም» ይላል። የአገልጋዮቹን አለባበስ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ባየች ጊዜ «ነፍስ አልቀረላትም» ይለናል። ዛሬ «በድንጋጤ ልሞት ነበር» እንደምንለው። ወደ አገሯ ስትመለስ ብዙ ነገር ተሰጥቷት ነው፤ ምን ምን እንደለመነች መጽሐፉ አልዘረዘረልንም። ከአድናቆቷ ቀጥሎ ከአፏ የወጣው ግን «አምላክህ እግዚአብሔር የተባረከ ይሁን» የሚል ምስጋና ነው። ሁለቱም አይተዋል። የአንዱ ማየት ጉድጓድ አስቆፈረ፤ የሌላዋ ማየት ምስጋና አመጣ።

እንግዲህ ማየትሽ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። አሁን ግን ትንሽ ልጎንትልሽ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።

ልብሱን አልፈልግም ስትዪ አምኜሻለሁ። የለበሰችውን መሆንስ? መጽሔቱ ዋና ሥራው ልብስ ማሳየት እንዳይመስልሽ። ቮግ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሜሪካ የሴፕቴምበር ዕትም 916 ገጽ ነበረው፤ አብዛኛው ማስታወቂያ ነው። የጡብ ያህል ወረቀት! ያ ሁሉ ገጽ የሚሸጠው ቀሚሱን ብቻ አይደለም። ቀጭን ወገብ ይሸጣል። የማያረጅ ፊት ይሸጣል። ልጅ የማያለቅስበት፣ ዕቃ ያልተከመረበት ሳሎን ይሸጣል። ቀሚሱን ሳትፈልጊ ወገቡን ልትመኚ ትችያለሽ። ስለዚህ መጽሔቱን ከዘጋሽ በኋላ ያለውን ጊዜ እዪው። ተነሥተሽ የሻይ ብርጭቆሽን ስታጥቢ ምን ይሰማሻል? የኮሌታው አቆራረጥ ከሆነ ትዝ የሚልሽ፣ ደግ። መስታወት ፊት ቆመሽ ፊትሽን የምትጎትቺ ከሆነ፣ ወይም ቤትሽና ባለቤትሽ ድንገት የሚያስጠሉሽ ከሆነ ግን ያ ክምር ቢወጣ ይሻላል።

ሌላው ደግሞ አንቺው የጻፍሽው ነው። «እንደ እነዚያ በልብስ እንዳበዱት ሴቶች አይደለሁም» ብለሻል። ይቺን አረፍተ ነገር የት እንደማውቃት ታውቂያለሽ? ሉቃስ 18 ላይ። ፈሪሳዊው ቤተ መቅደስ ቆሞ «እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ያለው። እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ፣ በጥያቄሽ ውስጥ ያሳሰበኝ መጽሔቱ ሳይሆን ይቺ ናት። የማይለብሱትን ልብስ የሚያይ ሰው ስስት ላይፈትነው ይችላል፤ ፍርድ ግን በቀላሉ ያገኘዋል። «ወይ ጉድ፣ ይቺም ለበስኩ ብላ!» እያልን ገጽ ስንገልጥ፣ የለበሰችውም የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኗ ይረሳናል። በልብስ አብደዋል ያልሻቸውን ሴቶች ልብ ደግሞ አንቺም እኔም አናውቀውም። አባቶቻችንም «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያሉት መልበስን ስለናቁ አይደለም።

አባቶች በልብስ ጉዳይ አልተቆጡም እያልኩሽ ግን አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዘመኑ የነበሩ ጎረምሶች ጫማቸውን በሐር ክር እያስጠለፉ፣ ክረምት ላይ ጭቃ እንዳይነካባቸው በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ሲሄዱ አይቶ፣ እንግዲያው አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት ወይም ራሳችሁ ላይ ድፉት ብሎ ተሳልቆባቸዋል። ያናደደው ሐሩ ራሱ አይመስለኝም። ጫማው ባለቤቱን መንዳቱ ነው።

አንዳንድ ገጽ ደግሞ ልብስ ለማሳየት ሳይሆን ገላ ለማሳየት የተነሣ ነው። እሱን ለይተሽ ስለምታውቂው ብዙ አልልም። እለፊው። ቤት ውስጥ ጎረምሳ ልጅ ካለ ደግሞ አልጋ ሥር መከመሩ ጥሩ አይደለም፤ ላንቺ የኮሌታ ትምህርት የሆነው ለእሱ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ጾምን በተመለከተ፣ ቅዱስ ያሬድ «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ብሏል። ዓይን የሚጾመው መጥፎውን ብቻ ነው ብለሽ አትቁጠሪው። ሥጋና ወተትም እኮ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም የምንተዋቸው። እኔ ብሆን በዐቢይ ጾም ክምሩን አሥሬ ቁም ሣጥን ላይ አወጣው ነበር። 55 ቀን ነው። ፋሲካ ሲደርስ ጨርሶ ካልናፈቀሽ አንድ ነገር ተማርሽ ማለት ነው፤ ከናፈቀሽም ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ እኔ ከሩቅ ከምጽፍልሽ እሳቸው ይበልጥ ያውቁሻል። ደግሞ የእናትሽ የስፌት መኪና ካለ፣ ወይም ሰፈርሽ ውስጥ የሚሸጥ አሮጌ ሲንገር ካገኘሽ፣ ያየሽውን እጅጌ በእጅሽ ሞክሪው። ሐዋርያት ሥራ 9 ላይ ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር።

የቦርሳሽ ነገር ቀረ። መጽሔት ቦርሳሽ ውስጥ ስለነበረ ቅዳሴሽ አይበላሽም። ስልክሽም እኮ ቦርሳሽ ውስጥ ነው፤ እሱ ውስጥ ያለውን እግዚአብሔር ይወቀው። አትሳቀቂ። ስብከቱ ሲረዝም ብቻ እንዳታወጪው፤ የማስረዝመው እኔ ልሆን እችላለሁና ከአትሮንሱ ላይ ሆኜ አይሻለሁ።